አባቶቻችን በሽሽት ቀን ምን ይዘው ወጡ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው የጥንት ታሪክ ነው፤ የምንጀምረው ግን ከራሳችን ቤት ደጃፍ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር አንሥቶ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ፣ በመተሐራና በአዋሽ በኩል፣ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። የጌታችን የልደት በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ከሁሉ የጠነከረው በዚያ ሰሞን መጣ፤ ንውጽውጽታውም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። መንግሥትም በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች 80 ሺሕ ያህል ሰው ከአደጋው ሥፍራ ለማራቅ ተነሣ።

እኛ በዚያች ሌሊት ዛሬም ብዙ ምእመን ናዝሬት በሚላት በአዳማ ከተማ ነበርን። አልጋው ሲወዛወዝ፣ ጣራው ሲንቋቋ፣ ልጆችን ይዘን ወደ ውጭ ሮጥን። የጎረቤት ሰውም ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ልባችን ሲረጋ ወደ እጃችን ብንመለከት ጃንጥላ ይዘናል። የታኅሣሥ ሰማይ አንዲት ደመና እንኳ አልነበረባትም። ለምን እንዳነሣነው እስከ ዛሬ አናውቅም። መምህራችን ሲሞቱ ያወረሱን የብራና ዳዊት ግን ከበሩ አጠገብ በችንካር ላይ በማኅደሩ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ልንወጣ ስንል ትከሻችን ሳይነካው አልቀረም፤ እጃችን ግን አልፎት ሄደ።

ነገሩ ሰዎችን ካሳቀ በኋላ እኛን አሳሰበን። ከመተሐራ በኩል ወደ እኛ የመጡትን ተፈናቃዮች ስንጎበኝ ምን ይዘው እንደ ወጡ እንጠይቃቸው ጀመር። አንዱ የልጆቹን የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት በፌስታል ጠቅልሎ በሆዱ ላይ አስሮ መጥቷል። አንዲት እናት የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ረስተው የሞተው ልጃቸውን ፎቶግራፍ ከግድግዳ ላይ ነቅለው ይዘዋል። አንድ አዛውንት ደግሞ ምንም አላመጡም፤ ሽባ የሆኑትን ባለቤታቸውን አዝለው ስለ ነበር ሌላ ነገር የሚይዝ እጅ አልነበራቸውም። ከእነዚህ ሁሉ ሞኝ ብለን የምንጠራው አላገኘንም። ሁሉም የፈረደው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነበርና። ጥያቄው ይህ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚፈረደውን ነገር አባቶቻችን እንዴት ፈረዱት?

የምንኖርበት የስምጥ ሸለቆ ምድር ለዚህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የእሳተ ገሞራን ታሪክ የሚመዘግቡ ሊቃውንት በ13ኛው መቶ ዓመት ከፈንታሌ የወረደ እሳት በስተ ደቡብ የነበረ አንድ ከተማና ቤተ ክርስቲያን እንዳጠፋ ይጽፋሉ። እንደገናም በ1820 ገደማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተራራው ጎን ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ ወደ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ ፈስሷል። በሰቃም ራሱ ከ60 ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ የባቡር ሐዲዱንና የመኪናውን መንገድ ሲገፋ ኖሯል። አዳማም በ1985 ዓ.ም. ተደጋጋሚ መናወጥ ደርሶባታል። ስለዚህ በዚህ ምድር ቤት የሠራ ሰው አንድ ቀን ተነሥ ይባል እንደ ሆነ ሊደነቅ አይገባውም።

በቅዱሳት መጻሕፍት ብንመለከት ሽሽት የሌለበት ዘመን የለም። የሎጥ ሚስት ወደ ኋላ በመመልከቷ ያገኛትን ታውቃላችሁ፤ ስለ እርስዋ ብዙ ተሰብኳልና እናልፈዋለን። ራሔል ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሰረቀችው ጣዖት ነበር፤ በግመል ኮርቻ ሥር ሸሽጋ ተቀመጠችበት። ሰው ሲሸሽ ልቡ የተጣበቀበትን ነገር እንደሚይዝ ይህ ያሳያል፤ ነገሩ ግን የሚጠቅመው ላይሆን ይችላል። እስራኤል ከግብፅ በወጡባት ሌሊት ግን ሁለት ነገር ተሸክመዋል። አንደኛው ገና ያልቦካ ሊጥ ነው፤ ይህም ለነገ ምሳ የሚሆን ነው። ሁለተኛው የዮሴፍ አፅም ነው፤ ሙሴ ተሸክሞት ወጣ። ልብ በሉ፤ ዮሴፍ ይህን ያዘዘው ሽሽቱ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ ነበር። ስለዚህ ሙሴ በዚያች የጭንቅ ሌሊት ምን ልያዝ ብሎ አልተጨነቀም፤ ፍርዱ ቀድሞ ተፈርዶ ቆይቶታል። ሐዋርያው ጳውሎስም የሕይወቱ ፍጻሜ በቀረበ ጊዜ ከወዳጁ ከጢሞቴዎስ የለመነው በርኖሱንና መጻሕፍቱን ነው፤ ከመጻሕፍቱም አብልጦ ብራናዎቹን። ክረምት ሊመጣ ነውና ልብስ ያሻዋል፤ ሞትም ሊመጣ ነውና መጽሐፍ ያሻዋል። ከዚህ በቀር ሌላ ዕቃ አልለመነም።

እንግዲህ ወደ ሀገራችን እንመለስ። ከአዳማ በሞጆና በመቂ በኩል አድርጋችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ዛሬ ባቱ የምትባለውን የዝዋይን ከተማ ታገኛላችሁ። ከከተማዋ አጠገብ ያለው ሐይቅ አምስት ደሴቶች አሉት። ከእነርሱ ትልቁ በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ፣ ትልቁ ተራራ፣ ይባላል፤ ካህናት ደግሞ ደብረ ጽዮን ይሉታል። የቀሩትም ገሊላ፣ ደብረ ሲና፣ ፀደቻና ፉንዱሮ ናቸው። ብዙዎቻችን በዚያ መንገድ ስናልፍ ዓሣ በልተን፣ ወፎቹን አይተን እንሄዳለን። በዚያ ውኃ ላይ ግን ከሽሽት ታሪካችን ሁሉ የሚበልጠው ተጽፏል።

የአባቶች ትውፊት እንዲህ ይላል። በ10ኛው መቶ ዓመት ዮዲት፣ ጉዲትም የሚሏት ንግሥት፣ በአኵስም ላይ ተነሥታ አብያተ ክርስቲያናትን ባፈረሰች ጊዜ፣ ሕፃኑ አንበሳ ውድም ወደ ሸዋ ተወሰደ፤ የአኵስም ካህናትም ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ከብዙ ድካም በኋላ ወደ ዝዋይ ደርሰው በደሴቲቱ አኖሩአት። በዚያም 40 ዓመት ቆየች ይላሉ፤ 70 የሚሉም አሉ። ሰላም በሆነ ጊዜ ታቦቷ ወደ አኵስም ስትመለስ ከካህናቱና ከመጻሕፍቱ ጥቂቶች በደሴቱ ቀሩ፤ ደብረ ጽዮን የሚለውም ስም ከዚያ ወዲህ ጸና።

የንግሥቲቱን ነገር ተረት ነው የሚል ሰው ቢኖር ከሀገራችን ውጭ የተጻፈውን ይመልከት። ኢብን ሐውቀል የተባለው ዓረብ ተጓዥ በዚያው መቶ ዓመት ሲጽፍ የሐበሻን ሀገር አንዲት ሴት ለ30 ዓመት ያህል እንደ ገዛች ተናግሯል። የእስክንድርያ አባቶች ታሪክም በአባ ፊላታዎስ ዘመነ ፕትርክና የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ልኮ፣ ሀገሩን አንዲት ንግሥት እንዳጠፋችበት፣ ጳጳስም ስላልተላከለት ካህናት እያለቁ መሆናቸውን በልቅሶ እንደ ነገረው ይመሰክራል። ንጉሡ በዚያ ደብዳቤ የለመነው ወርቅም ሠራዊትም አልነበረም፤ ጳጳስ ነው። በጭንቅ ቀን የጠፋበትን ሲቈጥር ከሁሉ በፊት የታየው ይህ ነው።

አሁን በዚያ መንገድ ላይ ያሉትን ካህናት በልባችሁ ተከተሏቸው። ከአኵስም እስከ ዝዋይ አሞራ እንደሚበርር በቀጥታ ቢለካ እንኳ 700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በእግር የሚሄድ ሰው ደግሞ እንደ አሞራ አይሄድም፤ ተከዜን ይሻገራል፣ አምባ ይወጣል፣ ገደል ይወርዳል። አኵስም በዚያ ዘመን ድኻ ደብር አልነበረችም። የወርቅ ገንዘብ ያሳተሙ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ዕቃ ቤቷ ውስጥ መጋረጃው፣ ጽናጽሉ፣ ጻሕሉ፣ ጽዋው፣ አክሊሉ ሁሉ ይኖራል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚሸሽ የለም። ትውፊቱም ስለ ወርቁ አንዳች አይነግረንም፤ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅም የለም። ሺሕ ዓመት ያህል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው ታቦቷን ይዘው ወጡ፣ መጻሕፍትን ይዘው ወጡ የሚለው ብቻ ነው። ለእኛ እንደሚመስለን ይህ የሆነው አባቶች በሽሽቱ ቀን ቁጭ ብለው ስለ መከሩ አይደለም። ለመምከር ጊዜ አልነበረም። ታቦቷ ከሌለች ቅዳሴ የለም፤ መጽሐፉ ከሌለ ለልጆቹ የሚነበብ የለም፤ ሌላው ሁሉ በደረሱበት ሀገር ከእንጨትም ከሸክላም ሊሠራ ይችላል። ይህን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታልና እጃቸው አልተሳሳተም። የእኛ እጅ ጃንጥላ ያነሣው ግን ምን ያውቅ ስለ ነበረ ነው?

በደሴቶቹ የሚኖሩት ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ቋንቋቸው የሚቀርበው ለስልጤና ለሐረሪ ነው፤ የትግርኛ ወገን አይደለም። እነርሱም ራሳቸው አባቶቻችን ከልዩ ልዩ ሀገር በየጊዜው የመጡ ናቸው ይላሉ። ይህ የታሪኩን ዋጋ የሚቀንስ የሚመስለው ሰው አለ፤ ለእኛ ግን ይጨምርበታል። ያመጡት ካህናት ከሰሜን ሲሆኑ፣ የጠበቁት ግን ከየአቅጣጫው ተሰድዶ በውኃ የተከበበ ሕዝብ ነው። የአደራ ዕቃ የተቀባዩን ዘር አይጠይቅም። በ16ኛው መቶ ዓመትም ጦርነት በመጣ ጊዜ እነዚሁ ደሴቶች ዳግመኛ መሸሸጊያ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላም የደሴቱ ክርስቲያኖች ከመንግሥቱና ከጳጳሱ መንበር ተለይተው ለ300 ዓመት ያህል ኖሩ። እየሸመኑ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ በታንኳ እየተሻገሩ ከኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ጋራ ይገበያዩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የምኒልክ ሰዎች ወደ ሐይቁ ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያንና የብራና መጻሕፍት አገኙ። መጻሕፍቱ ዛሬም በቱሉ ጉዶ ይታያሉ። ከዳር ተነሥቶ በጀልባ መሻገር የሚችል ሰው ሄዶ ይያቸው።

እዚህ ላይ ስለ ማኅደር ጥቂት እንበል፤ በትምህርት ቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። የሀገራችን መጽሐፍ በመደርደሪያ አይቆምም። ከቆዳ የተሰፋ ማኅደር አለው፤ ማኅደሩም በትከሻ የሚነገት ጠፍር አለው፤ በጠፍሩ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከርዞን የተባለ እንግሊዛዊ በ1837 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በግብፅ በረሃ ወደ ገዳመ ሱርያን ገብቶ የኢትዮጵያ መነኮሳትን መጻሕፍት ባየ ጊዜ ይህን ተደንቆ ጽፏል፤ መጻሕፍቱ ሁሉ በጠፍራቸው በችንካር ላይ ተንጠልጥለው ነበርና። ለእርሱ እንግዳ ልማድ መሰለው። እኛም ልጅ ሳለን አይጥና ምስጥ እንዳያገኘው ነው ይሉን ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን በችንካር የተሰቀለና ጠፍር ያለው መጽሐፍ ለመንገድ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። ሰው ሲወጣ እግረ መንገዱን ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። የሠሩት አባቶች መሸሽን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። መጽሐፈ ሔኖክ ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የተረፈው እንዲህ ባለ ማኅደር ውስጥ እየኖረ ነው። በ1947 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሙት ባሕር አጠገብ በዋሻ ውስጥ መጻሕፍት መገኘት ከጀመሩ በኋላ ከዚያው ከሔኖክ በአራማይክ የተጻፉ ቁርጥራጮች ተገኙ። እነዚያን በዋሻ የሸሸጉ ሰዎች ሊመለሱባቸው አስበው ይሆናል፤ አልተመለሱም። በኢትዮጵያ ግን መጽሐፉ ከሰው ትከሻ አልወረደምና አልጠፋም።

ስለ 16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ያነሣነውን እንመለስበት። በ1521 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ የተሸነፉባት ሽምብራ ኵሬ ከእኛ ሩቅ አይደለችም፤ በሞጆና በዱከም መካከል ባለው ሜዳ ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ለ14 ዓመት በመላ ሀገሪቱ ያለ ደብር ሁሉ ምን እናውጣ የሚለውን ጥያቄ ጠየቀ። መልሳቸው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም።

የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፋቂህ በአኵስም የሆነውን እንዲህ ይተርካል፤ ንጉሡ ኢማሙ ሳይደርስ ቀድሞ ደርሶ በወርቅ የተለበጠ ታላቅ ነጭ ድንጋይ ከቤተ ክርስቲያኑ አስወጣ፤ ከታላቅነቱ የተነሣ በበሩ አልወጣ ቢል ግንቡን ሸንቍረው 400 ሰው ተሸክሞት በሽሬ ሀገር ወዳለ ታብር ወደሚባል አምባ ወሰዱት። ጸሐፊው የሌላ ሃይማኖት ሰው ስለ ሆነ ያየውን በራሱ ቋንቋ ሰይሞታል፤ በስሙ አንከራከርም። እኛን የሚያስደንቀን ግንቡን መሸንቈራቸው ነው። የሚወዱትን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በገዛ እጃቸው አፈረሱ። የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ የማያውቅ ሰው ይህን ለማድረግ አይደፍርም።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ ሌላ ሆነ። የኢማሙ ጭፍሮች ታንኳ ሠርተው ወደ ደሴቱ ሊሻገሩ በተዘጋጁ ጊዜ መነኮሳቱ በዚያ የተከማቸውን ሀብት አሳልፈው ሰጡ፤ ቤተ ክርስቲያናችንን አታቃጥልብን ብለውም ለመኑ። ዓረብ ፋቂህ ራሱ እንደ ጻፈው ልመናቸው ተሰማላቸው። ይህን ሲሰሙ መነኮሳቱን ፈሪዎች የሚሉ ሰዎች አጋጥመውናል። እኛ እንዲህ አንልም። ወርቁ ሄደ፤ ለአባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው አራቱ ወንጌል ግን በሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በደሴቱ ላይም ገዳሙ አልተፈታም። ከወርቁ የትኛው ጻሕል፣ የትኛው አክሊል እንደ ነበረ ዛሬ ስሙን የሚጠራ የለም።

ሊቃውንት እንደሚናገሩት ደግሞ በዚያው ጦርነት ድጓው ከየደብሩ ሲቃጠል በጋይንት ቤተ ልሔም የተሸሸገው ተርፎ ተገኘ። ስለዚህ እስከ ዛሬ የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ሰው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ የሆነውም እንዲሁ ነው ይላሉ። የትምህርታችን ካርታ የሽሽት ካርታ ነው ማለት ነው፤ ተማሪው አኵፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር የሚንከራተተው አንድ ጊዜ አንድ ሰው አንድ መጽሐፍ ይዞ ወደ ሮጠበት ነው።

መቅደላን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም፤ ነገሩ የሚያሳዝን ቢሆንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት ብዙ መቶ የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በአንድ አምባ ሰበሰቡ። አሳባቸው መልካም ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት ሊያቋቁሙ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲያዝ ግን ሁሉ በአንድ ቀን ተያዘ። የእንግሊዝ ሠራዊት ምርኮውን በ15 ዝሆንና በ200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወሰደ፤ በሜዳም ላይ በጨረታ ተሸጠ። 350 ያህል መጻሕፍት በሎንዶን ቀሩ፤ 11 ታቦታትም በዚያው በሎንዶን ቤተ መዘክር ሰው በማያያቸው ክፍል ተቀምጠዋል። በዝዋይ ያሉት አባቶች ያላቸውን በአምስት ደሴት ከፋፍለው፣ በሐይቅ ያሉት ወርቁን ለይተው፣ በጋይንት ያሉት አንዱን መጽሐፍ ሸሽገው ያዳኑትን ያህል፣ በመቅደላ የተከማቸው ብዛቱ ራሱ ጠላትን ጠራበት።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር እንመጣለን። ከዚህ ሁሉ በፊት ሰው የት አለ? ታቦትና መጽሐፍ ስንል ሽባዋን ሚስቱን አዝሎ የመጣውን የመተሐራውን አዛውንት ረስተን ይሆን? የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ የአሚድን ጳጳስ የአካክዮስን ነገር ጽፎልናል። በ5ኛው መቶ ዓመት የሮም ጭፍሮች 7 ሺሕ የፋርስ ሰዎችን ማርከው በረኀብ ሲያልቁ ባየ ጊዜ፣ አካክዮስ ካህናቱን ሰብስቦ እግዚአብሔር የማይበላና የማይጠጣ ስለ ሆነ ሳሕንና ጽዋ እንደማያሻው አስረዳቸው፤ የወርቁንና የብሩን ንዋይ አቅልጦ ምርኮኞቹን ዋጃቸው፤ መግቦም ስንቅ ሰጥቶ ወደ ንጉሣቸው ሰደዳቸው። እነዚያ ምርኮኞች ክርስቲያኖች እንኳ አልነበሩም። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ይመስለናል፤ የቤተ ክርስቲያን ወርቅ ከሰው ነፍስ በታች ነው፤ ካህን ከእሳት ውስጥ ጽዋ ለማውጣት ሲል ድውይን ረግጦ ቢያልፍ ያወጣው ጽዋ ይከሰዋል። ስለ ታቦት ሲሆን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለታቦት የሞቱ ካህናት አሉ፤ ማንም አላስገደዳቸውም። እኛም ያንን ሰዓት ሳንደርስበት ስለ ራሳችን አንመካም። ታቦት የሚያወጣውና ሰው የሚያወጣው አንድ ሰው እንዳይሆን አስቀድሞ መለየት ግን ይቻላል፤ ይህ የማስተዋል ሥራ ነው።

ይህንንም ለማድረግ ከሌላው ይልቅ የተዘጋጀን ሕዝብ ነን ብንል አላጋነንም። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን በሀገሪቱ ያለ ታቦት ሁሉ ከመንበሩ ተነሥቶ ይወጣል። ማን እንደሚሸከም፣ ማን ጥላ እንደሚይዝ፣ ማን መስቀልና ጽና ይዞ እንደሚቀድም፣ ማን ሕዝቡን እንደሚያስለቅቅ ሕፃኑ ሳይቀር ያውቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ደብር ነቅሎ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል። ይህን የምናደርገው ለበዓል ነው፤ እግራችን ግን መውጣትን ተምሯል።

በእኛ አጥቢያም ከዚያ ሰሞን በኋላ ሽማግሌዎችና የሰንበቴ ማኅበርተኞች ተሰብስበው፣ እንደዚያ ያለ ሌሊት ዳግም ቢመጣ ምን እናስወጣ ብለው ተነጋገሩ። ታቦቱን ማን እንደሚያወጣ መነጋገር አላስፈለገም፤ የታወቀ ነው። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ሆነ። አንድ ነጋዴ በብዙ ድካም ተዋጥቶ የተገዛው የብር መስቀልና አክሊል ይቅደም አሉ፤ እርሳቸውም ከገንዘባቸው አውጥተውበታልና ማንም አልቈጣቸውም። አንዲት እናት ተነሥተው የክርስትናና የጋብቻ መዝገቡ ይቅደም፤ መስቀል ይገዛል፤ ልጄ መቼ ክርስትና እንደ ተነሣ ግን ገበያ አይሸጥልኝም አሉ። ሌላው ሁለተኛ ቅጂ የሌለውን የብራና ግንዘትና ገድል ጠቀሰ። ጉባኤው እስከ ማታ ቆየ። በመጨረሻ የጻፉትን ወረቀት እኛም አይተነዋል። መስቀሉ በሦስተኛው መስመር ነው፤ ነጋዴውም እሺ ብለው ፈርመዋል።

በመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ግን ዕቃ አይደለም። በደብሩ ዐፀድ ውስጥ በአንዲት ጎጆ የሚኖሩት ዓይነ ስውሩ የኔታ ናቸው። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘዋል፤ ያለ መሪ ግን ከደጃፋቸው አይወጡም። ከስማቸው ትይዩ የሁለት ተማሪዎች ስም ተጽፏል፤ አንደኛው ቀኝ እጃቸውን፣ ሁለተኛው ግራውን ይይዛል። የኔታ ይህን ሲነገራቸው ትንሽ ዝም ብለው ከዚያ መቋሚያዬንስ ማን ይይዝልኛል ብለው ጠየቁ። ሦስተኛ ተማሪ ተጨመረ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።